ያገለገለ የማሳያ ፍሪጅ፦ ሽታውን ከምንጩ ማጥፋት

አራት ኪሎ አካባቢ ለከፈትኳት ትንሽ የኬክና የወተት ቤት ያገለገለ የማሳያ ፍሪጅ የገዛሁት ከፋሲካ በኋላ በነበረው ሳምንት ነው። የቀድሞው ባለቤት በዐቢይ ጾም ዓሣ ሲሸጥበት ቆይቶ ሱቁን የዘጋ ሰው ነበር። ላየው ስሄድ ሞተሩ ይሠራል፣ መብራቱ በርቷል፣ መስተዋቱ ከቅዝቃዜው የተነሣ ጤዛ ይዟል። አንገቴን አስገብቼ አሸተትኩት፤ ከሳሙና በስተቀር ምንም አልሸተተኝም። ከፍዬ በፒካፕ አስጫንኩት። ከጭነት የወረደ ፍሪጅ ወዲያው አይሰካም ስለተባልኩ ተዘግቶ አደረ። በማግስቱ ጠዋት የሱቁን በር ስከፍት ሽታው ደጃፉ ላይ ተቀበለኝ።

ዘጠኝ ቀን ታገልኩት። የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት የፈጀሁት የሚታየውን ክፍል ደጋግሜ በማጠብ ነው፤ መደርደሪያውን፣ ግድግዳውን፣ መስተዋቱን። ሲደርቅ ሽታው ተመልሶ ይመጣል። በስድስተኛው ቀን የጠራኋቸው አዛውንት የፍሪጅ ጠጋኝ በሩን እንኳን ሳይከፍቱ ወለሉ ላይ ተንበረከኩ፤ የታችኛውን ክዳን ፈቱና “ልጄ፣ የምታጥቢው ሌላ ቦታ፣ የሚሸተው ሌላ ቦታ” አሉኝ። ከሞተሩ አጠገብ ያለችው የውሃ መቀበያ ትሪ በጠቆረና በወፈረ ዝቃጭ ተሞልታ ነበር።

ከዚህ በታች የምጽፈው በቀሩት ቀናት ከእርሳቸው ጋር የሠራነውንና ከዚያ ወዲህ ለሁለት ጎረቤቶቼ ፍሪጅ ስንደግመው ያረጋገጥኩትን ነው። ሥጋ ቤት፣ ጭማቂ ቤት ወይም ኬክ ቤት ለመክፈት ያሰበ ሰው አዲስ ፍሪጅ ለመግዛት አቅም ስለሚያጥረው ብዙ ጊዜ ያገለገለውን ይመርጣል። ምርጫው ጥሩ ነው። ገንዘብ የሚያስከፍለው ሽታውን ከማይኖርበት ቦታ መፈለግ ነው።

ገና ሳይገዙ

ብርድ ሽታን ይሸሽጋል። ሽታ የምንለው ከቆሻሻው ተነሥቶ በአየር ወደ አፍንጫችን የሚደርስ ረቂቅ ነገር ነው፤ ቅዝቃዜ ደግሞ ከቦታው እንዳይነሣ ይይዘዋል። ስለዚህ እየሠራ ያለ ፍሪጅ አሽትቶ መግዛት ማለት ሳያሸቱ መግዛት ማለት ነው። ሻጩን ከሶኬት ነቅሎ፣ በሩን ዘግቶ እንዲያሳድረውና ጠዋት እርስዎ ባሉበት እንዲከፍተው ይጠይቁት። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ምክንያቱን እርሱ ያውቃል።

ጠዋት ሲከፈት ከላይ ሳይሆን ከታች ያሽትቱ። የበሩን ላስቲክ እጥፋት በጣትዎ ገለጥ አድርገው ይመልከቱ፤ ጥቁር ሻጋታ የሚጀምረው እዚያ ነው። የውስጡ ፕላስቲክ ወይም ቆርቆሮ ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ ብሎን የወለቀበት ክፍት ቀዳዳ ካለ ልብ ይበሉ፤ ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ። ከኋላው ወይም ከውስጥ ጎኑ የተለጠፈውን የመረጃ ሰሌዳም ያንብቡ። ፍሪጁን የሚያቀዘቅዘው ጋዝ ዓይነት አር 290 (R290) ወይም አር 600 ኤ (R600a) ከሆነ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው። ይህ መጥፎ ፍሪጅ ያደርገዋል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በማጽዳቱ ሥራ አጠገቡ እሳት፣ ከሰል ምድጃ ወይም ሻማ አይቀርብም።

የፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም የነዳጅ ሽታ ያለውን ፍሪጅ ግን በምንም ዋጋ አይግዙ። የምግብ ሽታ ታጥቦ ይወጣል። መርዝ የነካው ነገር ግን ሽታው ቢጠፋ እንኳ ምግብ ሊቀመጥበት አይገባም።

ሽታው የምን ነው?

ብዙ ሰው አንድ መድኃኒት ለሁሉም ሽታ ይጠቀማል፤ ግማሹ ድካም የሚባክነውም በዚህ ነው። የዓሣና የሥጋ ብስባሽ አሞኒያና አሚን የሚባሉ ውህዶችን ይሰጣል፤ እነዚህ በኬሚስትሪ ቋንቋ ቤዝ ናቸው። ቤዝን የሚያረክሰው አሲድ ነው። ዓሣ ላይ ሎሚ የምንጨምቀው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ሎሚው ሽታውን ስለሚሰብረውም ነው። ስለዚህ ለዓሣና ለሥጋ ፍሪጅ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ይጠቀማሉ፤ አንድ እጅ አቼቶ በአንድ እጅ ውሃ።

የወተት፣ የክሬም፣ የዓይብና የቅቤ ሽታ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የበሰበሰ ቅቤ ያንን አፍንጫ የሚይዝ ሽታ የሚያገኘው ቡቲሪክ ከሚባል አሲድ ነው። በላዩ አቼቶ ቢያፈሱበት አሲድ በአሲድ ላይ ጨመሩ እንጂ ምንም አላደረጉም። ለዚህ የሚሆነው ቤኪንግ ሶዳ ነው፦ ለአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ።

ሁለቱን አንድ ላይ ቀላቅሎ አረፋውን እያየ የሚደሰት ሰው አለ። አረፋው ያምራል፤ ነገር ግን አቼቶውና ሶዳው እርስ በርስ ተረካክሰው የሚቀረው ከጨዋማ ውሃ ብዙም አይሻልም። የሚፈልጉትን ይምረጡ። ፍሪጁ የሁለቱም ታሪክ ካለው በመጀመሪያ አንዱን ተጠቅመው በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፤ ሌላውን ከዚያ በኋላ ያስከትሉ።

የሚያስፈልገው

ከሁሉ በፊት ውሃ። የሰፈርዎ የውሃ ፈረቃ የሚመጣበትን ቀን ይምረጡ፤ አለበለዚያ ቢያንስ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልተው ይጀምሩ። መሃል ላይ ውሃ ያለቀበት እጥበት ቆሻሻውን ከቦታ ቦታ ማዛወር ነው። ከዚያ ላርጎ ወይም ሌላ ፈሳሽ ሳሙና፣ አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ በረኪና፣ ለስላሳ ብሩሽና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ስፖንጅ፣ ጥጥ ጨርቅ፣ ካቻቢቴ፣ የላስቲክ ጓንት፣ ከፋርማሲ የሚገዛ ትልቅ መርፌ ያለ ሹሉ፣ ላስቲክና ፕላስተር ይያዙ። የብረት ሱፍ አያስፈልግም፤ የሚፍቀው እያንዳንዱ ጭረት ነገ ቆሻሻ የሚደበቅበት ጉድጓድ ይሆናል።

ሥራው

ከሶኬት ይንቀሉት። ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ብሎኖቹን ሲፈቱ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ በየትኛው ቀዳዳ የትኛው እንደነበር ከሁለት ቀን በኋላ አያስታውሱም። በረዶ ካለ ራሱ ይሟሟ እንጂ በቢላ አይንኩት። ከበረዶው ሥር ያለውን ቱቦ የወጋ ቢላ ጋዙን ያስወጣል፤ ከዚያ በኋላ ችግርዎ የሽታ መሆኑ ይቀራል።

መደርደሪያዎቹን፣ የዋጋ መለጠፊያ ሐዲዶቹንና ተነቃይ ፍርግርጎቹን ሁሉ አውጥተው ለብቻ በሳሙና ይዘፍዝፉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ ደም በቀዝቃዛ ውሃ፣ ስብ በሙቅ። የደረቀ ደም ላይ ሙቅ ውሃ ቢያፈሱ እንደ እንቁላል ይበስልና ይጣበቃል። ስለዚህ የሥጋ ቤት ፍሪጅ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፤ ሙቁና ሳሙናው ከዚያ ይከተላል። መስተዋቱ ገና ቀዝቃዛ እያለ ሙቅ ውሃ አያስነኩት፤ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የሚንሸራተት በር ካለው በሩን አንሥተው ያውጡትና የሚሄድበትን ሐዲድ ይመልከቱ። የኬክ ፍርፋሪ፣ የሥጋ ቁራጭ፣ የሞተ ዝንብ ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው። በጥርስ ብሩሽና በሶዳ ውሃ እያራሱ ይግፉት። የበሩን ላስቲክም እንዲሁ። አብዛኛው ላስቲክ በጉድጓድ ውስጥ ተሰክቶ የሚቀመጥ ስለሆነ ከአንድ ጥግ ጀምረው ቀስ ብለው ሲስቡት ይወጣል። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ይመለሳል። የተቀደደ ወይም የደረቀ ከሆነ መቀየር ይሻላል፤ በሩ ሲዘጋ አንድ የወረቀት ብር መሃል አስገብተው ሲስቡት ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ላስቲኩ አየር ያስገባል፤ እርጥብ አየር ካለ ደግሞ ሻጋታው ይመለሳል።

አሁን ወደ ዋናው። ከውስጥ ወለሉ ሥር ወይም ከኋላው ግድግዳ ጀርባ በብሎን የታሰረ ክዳን አለ፤ ከዚያ ጀርባ ፋኑና ብርዱን የሚሰጠው ባለ ቅጠል ቱቦ ይገኛሉ። የፍሪጁ አየር በሙሉ እየተመላለሰ የሚያልፈው በእነዚህ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች መካከል ነው። የሥጋ ትነት፣ የቅቤ ቅባት፣ የዱቄት ብናኝ እርጥብ ቅጠል ላይ ያርፋል፤ ከዓመት ዓመትም ይደረባል። መደርደሪያውን መቶ ጊዜ ቢያጥቡ ፋኑ ሲነሣ ያንኑ ሽታ መልሶ ይነፋዋል።

የፋኑን ሞተርና የሽቦ መገናኛዎቹን በላስቲክ ሸፍነው በፕላስተር ያሽጉ። በሚረጭ ጠርሙስ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ቅጠሎቹ ላይ ይርጩና አሥር ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ቅጠሎቹ በተደረደሩበት አቅጣጫ ብቻ ከላይ ወደ ታች ይቦርሹ፤ ወደ ጎን ከሄዱ ይታጠፋሉ። ቅጠሎቹ ስለታም ናቸውና ጓንትዎን አያውልቁ። የሚወርደው ውሃ ግራጫ መሆኑ እስኪያበቃ ይደጋግሙ። እኔ ሰባት ጊዜ ነው የደጋገምኩት።

በዚህ ቦታ በረኪናም ሆነ ኮስቲክ ሶዳ አይነካም። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ያሟሟል፤ በረኪናም ይበላዋል። አቼቶ ማስነካት ግድ ከሆነ የቀጠነ ይሁን፤ ወዲያውም በብዙ ውሃ ይታጠብ። አቼቶ በሳህን አድርገው በተዘጋ ፍሪጅ ውስጥ ለቀናት የሚያስቀምጡ አሉ፤ ትነቱ የመዳብ ቱቦን ቀስ በቀስ ስለሚበላ አልመክርም።

ውሃው የሚወርድበት መንገድ

ከቅጠሎቹ የሚንጠባጠበው ውሃ ወደ አንድ ጠፍጣፋ መቀበያ፣ ከዚያም በቀጭን ቱቦ ወደ ታች ይወርዳል። የእኔ ፍሪጅ ሽታ በአብዛኛው ከዚህ መንገድ ነበር፤ የሁለቱ ጎረቤቶቼም እንዲሁ። ሰው የማያየው፣ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ፣ ጨለማና የምግብ ቅሪት የሚያልፍበት ቦታ ነው፤ ባክቴሪያ ከዚህ የተሻለ ቤት አያገኝም።

ከታች ባልዲ ያስቀምጡና በመርፌው ለብ ያለ የሳሙና ውሃ በቀዳዳው በግፊት ይልቀቁ። እንደ ንፍጥ የሚጎተት ነገር ይወጣል፤ አይደንግጡ፣ የፈለጉት እርሱን ነው። ቱቦው የሚነቀል ከሆነ ነቅለው በረጅም ቀጭን ብሩሽ ወይም ጨርቅ በታሰረበት ሽቦ ያጽዱት፤ የማይነቀል ከሆነ ሽቦውን በኃይል አይግፉ። የፈላ ውሃ ግን አይጨምሩ። ከተማችን ካለችበት ከፍታ የተነሣ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ይህ ሙቀት የፕላስቲክ ቱቦን ለማለስለስና መገጣጠሚያውን ለማላቀቅ ከበቂ በላይ ነው።

ቱቦው መጨረሻው ሁለት ዓይነት ነው። በብዙዎቹ ውሃው ከሞተሩ አጠገብ ባለች ትሪ ላይ ተጠራቅሞ በሞተሩ ሙቀት ይተናል። ውሃው ይተናል፤ ደሙ፣ ወተቱና ቅባቱ ግን አይተንም፣ እየወፈረ ይቀራል። አዛውንቱ ጠጋኝ ያሳዩኝ ይህችን ትሪ ነበር። አውጥተው፣ ዝቃጩን ፍቀው ጥለው፣ በሳሙና አጥበው፣ እንደ ሽታው ዓይነት በአቼቶ ወይም በሶዳ ውሃ ለአንድ ሰዓት ይዘፍዝፏት። እግረ መንገድዎን የሞተሩን ዙሪያ ይመልከቱ። የአይጥ ኩስ ወይም ጎጆ ካገኙ በደረቁ አይጥረጉት፤ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ በሳሙና ውሃ አርጥበው፣ በጨርቅ ለቅመው በላስቲክ አስረው ይጣሉ።

ሌላው ዓይነት ቱቦው ቀጥታ ወደ ፍሳሽ መስመር የሚገባበት ነው። በፒያሳና በካዛንቺስ የቆዩ ቤቶች ይህን አይቻለሁ። ቱቦው ወደ ታች ታጥፎ መልሶ የሚነሣ፣ ውሃ የሚያቁር ክፍል ከሌለው የፍሳሹ ሽታ ያለ ከልካይ ወደ ፍሪጁ ይወጣል፤ ያኔ የሚያጥቡት ፍሪጅ ጥፋት የለበትም። ለመለየት የቱቦውን ጫፍ ለአንድ ሌሊት በላስቲክ ያስሩት። ጠዋት ሽታው ከሌለ የሚያስፈልግዎት የቧንቧ ሠራተኛ ነው።

ፍሪጁ የቆመበትን ወለልም በውሃ ልክ ይለኩ። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ውሃው ወደ ቀዳዳው መሄድ ትቶ ጥግ ላይ ይተኛል፤ የተኛ ውሃ ደግሞ በሳምንት ውስጥ መሽተት ይጀምራል።

በረኪና፦ በመጨረሻ፣ በልኩ

በረኪና ቆሻሻን አያጸዳም፤ የታጠበን ነገር ከጀርም ያነጻል። ስለዚህ ተራው ከሳሙናው በኋላ ነው። ለፕላስቲክ መደርደሪያ፣ ለውስጥ ግድግዳና ለመውረጃ ቱቦው አምስት በመቶ ከሆነ በረኪና 4 ሚሊ ሊትር በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል፤ በዚያው መርፌ መለካት ይቻላል። ሁለት ደቂቃ ቆይቶ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። “ጠንከር ቢል ይሻላል” የሚለውን ሐሳብ ይተዉት፤ የማይዝግ የሚባለውን ብረት ሳይቀር ነጠብጣብ በነጠብጣብ ያደርገዋል።

ይህን ደግሞ አጥብቄ እጽፋለሁ፦ በረኪናና አቼቶ፣ በረኪናና ሎሚ፣ በረኪናና አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ፈጽሞ አይገናኙ። ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ ሱቅ ውስጥ ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው። በአቼቶ ካጠቡ በብዙ ውሃ አለቅልቀው፣ በሩን ከፍተው፣ በረኪናውን በማግስቱ ይጠቀሙ።

ማድረቅና ማውጣት

እርጥብ ፍሪጅ ንጹሕ ፍሪጅ አይደለም። በጋ ከሆነ ተነቃይ ክፍሎቹን ሁሉ ፀሐይ ላይ ያውጧቸው፤ የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ከሳሙናው ያላነሰ ሥራ ይሠራል። ላስቲኩን ግን ጥላ ላይ ያድርቁት፤ ፀሐይ ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። ፍሪጁ ራሱ ተነቅሎ፣ በሩ ወልቆ ወይም ወለል ብሎ ተከፍቶ ሁለት ሙሉ ቀን ይቆይ፤ ሕፃናት በሚደርሱበት ቦታ ከሆነ በሩን ማውለቅ ግዴታ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ይህ ሥራ በእጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ የክፍል ፋን ፊት ለፊቱ አድርገው እስኪደርቅ ይንፉበት።

ከደረቀ በኋላ የሚቀረው ቀላል ሽታ በሚመጥ ነገር ይወጣል። አሮጌ ጋዜጣ ጨምድደው ውስጡን ሙሉ ይጠቅጥቁ፣ ዘግተው ለአምስት ቀን ይተዉት፤ ሲረጥብ ይቀይሩት። ቤኪንግ ሶዳ በሰፊ ትሪ ሳስቶ ሲበተን ይሠራል፤ በጥልቅ ብርጭቆ ሲቀመጥ ግን የላይኛው ገጽ ብቻ ነው የሚያገለግለው። የምድጃ ከሰልም ትንሽ ይመጥጣል፤ ለውሃ ማጣሪያ የሚሸጠው አክቲቬትድ ካርቦን ግን እጅግ ይበልጠዋል።

አንዲት ጎረቤቴ በቅን ልብ፣ “በወይራ አጥኚው” ብላኝ ነበር። ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ሲታጠን ያደግን ሰዎች ይህን ማሰባችን ተገቢ ነው። ነገር ግን የጋኑና የወተት ዕቃው ጭስ የሚፈለገው ጣዕሙ ወደ ጠላውና ወደ ወተቱ እንዲገባ ነው፤ የኬክ ክሬም የወይራ ጭስ እንዲሸት የሚፈልግ የለም። ጭሱ ፕላስቲኩንና ላስቲኩን ይይዛል፤ ተቀጣጣይ ጋዝ ባለው ፍሪጅ ደግሞ ፍሙ ራሱ አደጋ ነው። እጣን፣ ሽቶና የመኪና ማሽተቻም እንደዚሁ፦ ሁለተኛ ሽታ ይጨምራሉ እንጂ የመጀመሪያውን አያወጡም።

ፈተናው

ክዳኖቹን ከመለሱ በኋላ ፍሪጁን ሳይሰኩ፣ በሩን ዘግተው ያሳድሩት። ጠዋት ከቡናም ከሽንኩርትም በፊት፣ አፍንጫዎ ገና ሳይደክም ይክፈቱት። በዚህ ካለፈ ይሰኩት፤ ከ5 ዲግሪ በታች ሲወርድ ጨው ያልነካው ለጋ ቅቤ በሰፊ ሳህን ሳይከደን ያስገቡና ያሳድሩት። ስብ ሽታን ይስባል። ከዚያው ቅቤ በሌላ ቦታ በተከደነ ዕቃ ያስቀመጡትን ጠዋት ጎን ለጎን ያሽትቱ። ቢቻል ሥራውን ያልሠራ ሰው ያሽትት፤ ዘጠኝ ቀን ከሽታው ጋር የቆየ አፍንጫ ይለምዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሽታው ከአንድ የተወሰነ ስንጥቅ ወይም የብሎን ቀዳዳ እየወጣ ከሆነ ፈሳሹ ወደ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ብርዱን የሚይዘውን ፎም አርሶታል ማለት ነው። ፎም አይታጠብም። የራሰው ቦታ ትንሽ ከሆነ ባለሙያ ቆርጦ አውጥቶ፣ አድርቆ፣ አዲስ ፎም ሞልቶ ለምግብ ቦታ በሚሆን ሲሊኮን ሊያሽገው ይችላል። ወለሉ ሙሉ ከራሰ ግን ተጨማሪ ሳሙና አይግዙለት፤ ሞተሩንና መስተዋቱን ለመለዋወጫ ሽጠው ሌላ ይፈልጉ። በጣም የሚያሳዝን ውሳኔ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከጎረቤቶቼ አንዷ ወስናዋለች።

የእኔ ግን ዳነ። አሁን በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ ትሪዋን አወጣለሁ፤ በመውረጃው አንድ መርፌ ሙሉ የሳሙና ውሃ፣ ቀጥሎ ንጹሕ ውሃ እለቃለሁ፤ አሥር ደቂቃ አይሞላም። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ የፈሰሰውን ወተት በዚያው ቀን እጠርጋለሁ። በጾም ሱቁን ስዘጋ ደግሞ ፍሪጁን ነቅዬ፣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በሩ ገርበብ ብሎ እንዲቆይ የታጠፈ ፎጣ በመካከሉ አስገብቼ እሄዳለሁ።